ከጣቱ ጫፍ የወጣች ጠብታ

ይህ ታሪክ እውነት ነው! ሰምታችኋል? ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ከተገኘበት የያዝኩት እስክሪብቶ እባብ ሆኖ ይንደፈኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች አሁን «ደሞ ጀመረው!» ብለው እየሳቁ ይሆናል። ይሳቁ። ሲጨርሱ መሐረብ ሲፈልጉ አገኛቸዋለሁ።

አንድ መስታወት ቆራጭ ነበር። ሱቁ ከመንገዱ ዳር፣ መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ ነው። በየግድግዳው መስታወት ስለተደገፈ አንድ ሰው ሲገባ ሰልፈኛ የገባ ይመስላል። አንድ ሌባ ገብቶ ራሱን በዝቶ ሲያየው «ተከበብኩ!» ብሎ እጁን እንደሰጠም ይወራል። ሰውዬው ዝምተኛ ነው። ጫፏ አልማዝ በሆነች መቁረጫው መስታወቱ ላይ ቀጭን ጭረት ያሰምርና በጣቱ መታ ያደርገዋል፤ መስታወቱም «ጥርቅ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሚስቱ ጸጉር ሠሪ ናት። የተዋወቁት የሳሎኗን መስታወት ሊገጥም ሄዶ ነው። በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ ቀኑን ሙሉ ዋለበት፤ መስታወቱ ከብዶት ሳይሆን እሷ በመስታወቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ስለምትታየው ነው። ከዚያ ተጋቡ፣ አንዲት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ትንሽ፣ ፈጣን፣ አንድ ቦታ የማትቀመጥ ስለሆነች ድንቢጥ ይሏታል።

ታናሽ ወንድም አለው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስሙን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ አገር ሁሉ ቀደዳው ይለዋል። «ጎርፉ ሲበረታብኝ መኪናዬን በአካፋ እየቀዘፍኩ መጣሁ» ብሎ የሚያወራ ሰው ምን ይባላል ታዲያ? ሁለቱ ወንድማማቾች በመልክ ቁርጥ አንድ ናቸው። እንዲያውም ታላቅየው ለመንጃ ፈቃድ የዓይን ምርመራ ሲፈራ፣ ቀደዳው በእሱ ስም ገብቶ ተመርምሮለት ወጥቷል። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስለቅሰናለች።

አንድ ነገር ግን ሚስት አታውቅም። መስታወት ቆራጩ ከማግባቱ በፊት የደም ካንሰር ይዞት፣ ጸጉሩ ረግፎ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ ያ ወሬኛ ወንድሙ ጎኑን ሰጥቶ ተኛና ከአጥንቱ መቅኔ ቀድተው ለታላቁ ሰጡለት። ዳነ! ሐኪሞቹ ሲያሰናብቱት ግን «መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ልጅ ላትወልድ ትችላለህ» አሉት። እናታቸው ሁለቱንም ጠርታ «ይህ ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ የጠባችሁት ጡቴ ይፍረድባችሁ! በካንሰር የተያዘ ብለው ማን ልጁን ይሰጠዋል?» ብላ አስማለቻቸው። እሷ ሞተች፤ መሐላው ግን አልሞተም። አፉ የማይከደነው ቀደዳው እንኳን ይቺን ብቻ ዋጣት። ወይ እናት! ልጇን ያዳነች መስሏት ምን ዓይነት ጉድጓድ ቆፍራለት ሄደች?

ድንቢጥ ስትስቅ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ቀደዳውም ሲስቅ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን የፊት መስታወት ልትገዛ የመጣች ሴትዮ «ውይ፣ ቁርጥ አጎቷን! አንተማ ቤት ኪራይ ብቻ ነው እንዴ የከፈልከው?» ብላ ቀለደችና ሄደች። እሷ ረስታዋለች። እሱ ግን ቀዘቀዘ። «ልጅ ላትወልድ ትችላለህ» ያሉት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጆሮው ላይ ጮኸ። ያ ወንድሙ ሲመጣ ሚስቱ ከልቧ ስትስቅ ታየው… በልቡ ላይ ጭረቱ ተሰመረ። የቀረው መታ የሚያደርገው ጣት ብቻ ነበር።

ለሚስቱ ሳይነግር ልጁን «ጥርስሽን ሊያዩልሽ ነው» ብሎ ወደ ዲኤንኤ መመርመሪያው ወሰዳት። መንገድ ላይ ድንቢጥ ዳቦዋን ገምሳ ዘረጋችለት።

«አልራበኝም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ካልበላህ እኔም አልበላም!»

በላ። አባት አይደል? እሷ ግን ድርሻዋን «ለኋላ» ብላ ኪሷ ከተተች።

ነርሷ ጓንቷን እያጠለቀች «ምግብ በልተዋል?» አለችው።

«እ… ትንሽ ዳቦ። አሁን በሩ ላይ።»

«በስልክ ነግሬዎት አልነበር? አፍዎ ንጹሕ ካልሆነ ጉንጭዎ ውስጥ የሚታሸው ጥጥ አይሠራም እኮ! በሉ፣ ከእርስዎ ከጣትዎ ጫፍ ደም እወስዳለሁ።»

መርፌዋ ጠቅ አደረገችው፤ አንዲት ቀይ ጠብታ ወጣች። የልጅቷን ጉንጭ ደግሞ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ በውስጥ በኩል አሸችላት። «ታጥቤ እኮ ነው የመጣሁት!» ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች።

«የመጨረሻ ጥያቄ፤» አለች ነርሷ። «ከሌላ ሰው ደም ወይም የአጥንት መቅኔ ወስደው ያውቃሉ?»

እናቱ ጡቷን በእጇ ይዛ ከፊቱ የቆመች መሰለው።

«እኔ? ጉንፋን እንኳን ይዞኝ አያውቅም።»

ውጤቱን ሊሰማ ብቻውን ሄደ። ያቺው ነርስ በሩን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባቷ አይደሉም» አለችው። «ግን… እኛንም ግራ ያጋባን ነገር አለ። ባዕድም አይደሉም። በሥጋ ትቀርብዎታለች። አጎቷ ቢሆኑ ነው።»

አጎት! እሱ አጎት ከሆነ አባትየው ማን ሊሆን ነው? ከአንድ ቀደዳው በቀር ወንድም የለው! መንገዱ ላይ መኪና ጡሩምባ ሲነፋበት አልሰማም፤ ቤቱን አልፎ ሄዶ ኖሮ ተመለሰ።

ሚስቱ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። «ቀደዳው ነው እንዲህ በላት ያለህ? የሱን ነገርማ አውቃለሁ!» ፊቱን ስታየው ሳቋ ከከንፈሯ ላይ ወደቀ።

«አንተ ሰውዬ… እኔን ነው? በስንቱ ምለህ ያመጣኸኝን፣ እኔን?»

«ደሙ ነው የተናገረው! እኔ ምን ላድርግ?»

«ደሙ አብዶ እንደሆነስ? ልጅቷን ዋሽተህ፣ ደብቀህ ወስደህ ነው የምታስመረምራት? እሺ ብትጠረጥረኝ ጥርጣሬህን ለምን ለኔ አልነገርክም? ምንድን ነው የምትደብቀኝ?»

እሷም ልጇን ይዛ እህቷ ቤት ገባች። ድንቢጥ ከበሩ ላይ ዞር ብላ «አባዬ፣ አጎት ከአባት በምን ያንሳል?» ብላ ጠየቀችው። እስቲ ለዚህ መልስ ያለው ሰው ይንገረኝ!

ቀደዳው ሲጠራና ሲነገረው ልማዱ ነውና ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ መኪናዬን እንኳን ማቆሚያ አጥቼ ነው፣ የሰው ትዳር ውስጥ የማቆመው?» የታላቁን ዓይን አየና ግን ሳቁን ዋጠ። «እሺ። እኔንም ይመርምሩኝ። እውነቱን ያኔ ታያለህ።» ሄደ፤ ደሙን ሰጠ።

ውጤቱ ሲመጣ ግን ጭራሽ ጉድ ሆነ! ሁለቱም በተጠሩበት ክፍል ውስጥ ነርሷ ተቆጥታ ጠበቀቻቸው። «ከሁለታችሁ የተወሰደው ደም የአንድ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ የመጣው አንዱ ነው። እዚህ ቀልድ የለም፤ ውጡልኝ!» ከዚያ በኋላ ማን ያስረዳ? የመንጃ ፈቃዱ ምርመራ ትዝ አለው መስታወት ቆራጩን። ያኔ በስሙ ገብቶ አይደል? አሁንም በሆነ መንገድ በስሙ ገብቶ፣ ደሙን ለውጦ፣ ነገር አደበላልቆ ይሆናል! እንዴት? መቼ? አያውቅም። የታመመ ልብ መቼ እንዴት ብሎ ይጠይቃል? «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለው። መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። ቀደዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ወደ መኪናው ሄደ።

ቀደዳው መኪናውን እየነዳ ያስብ ጀመር። አንድ ሰው… አንድ ደም… የአንድ ሰው ደም ሁለት ሰው ውስጥ… በድንገት ፍሬን ያዘ። ከኋላው ያሉት ሹፌሮች የእናቱን ስም እየጠሩ ሲሰድቡት እሱ መሪውን እየደበደበ ይስቅ ነበር። መኪናውን አዙሮ በረረ።

መስታወት ቆራጩ ትልቅ መስታወት እየወለወለ ነበር። ቀደዳው እያለከለከ ገባ።

«ጋሼ! ገባኝ! ደምህ እኮ የኔ ነው!»

«ምን አልክ?»

«የኔ ነው እልሃለሁ! ያኔ ሐኪሞቹ መቅኔ ነው ደም የሚሠራው ብለውን አልነበር? ያንተው ተቃጥሎ የኔ ተተከለልህ። ታዲያ ከጣትህ የወጣችው ጠብታ የማን ናት? የኔ! እነሱ የመረመሩት አንተን አይደለም፣ እኔን ነው! ለዚህ ነው አጎት ነህ ያሉህ! ልጅቷ ያንተ ናት!»

ሳቀ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ፣ እንደ ድንቢጥ። ያ ሳቅ ነው የገደለው። መስታወት ቆራጩ በየግድግዳው ያ የሚጨፈን ዓይን በዝቶ፣ ተባዝቶ ሲስቅበት አየ። ቃሉን አልሰማም፤ «ደምህ የኔ ነው» የምትለዋን ብቻ ሰማ። «በልጄም ትቀልዳለህ!» ብሎ ገፈተረው። አንድ ጊዜ ብቻ! ቀደዳው ወደ ኋላ ተንደረደረና ከተደገፉት መስታወቶች ላይ ወደቀ። ጥርቅ… ሁሉም በአንድ ላይ። ከብብቱ ሥር ደሙ ፈነዳ።

ጎረቤት እየጮኸ ተሰበሰበ። መኪና ውስጥ ሲያስገቡት «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ጠየቁት። ቀደዳውም «ወለሉ እርጥብ ነበር… ተንሸራትቼ ነው» አለ። ሁሉም አመኑት። እውነት ሲናገር ማንም ያላመነው ሰው፣ ይቺን ውሸቱን አገር አመነለት!

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተሯ «ደም የሚሰጥ ዘመድ ማነው?» ስትል መስታወት ቆራጩ እጅጌውን ጠቅልሎ ቀረበ። «ወንድሙ ነኝ። ሁሉንም ውሰዱት!»

«ከባድ ሕመም ታመህ ታውቃለህ? መቅኔ ወስደህ ታውቃለህ?»

ያቺው ጥያቄ! የእናቱ መሐላ ዳግመኛ ከፊቱ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን አለፈው። «አዎ፤ የደም ካንሰር ነበረብኝ። መቅኔ የሰጠኝ እሱ ነው» አለ። ዶክተሯ እጅጌውን ቀስ ብላ ወደ ታች መለሰችው። «እንግዲያው መስጠት አትችልም። ደምህ የሱ ነው፤ ግን ካንሰር የነበረበት ሰው ደም አይወሰድም።»

«የሱ ነው?» አለ። «የኔ ደም… የሱ ነው?»

«አዎ። መቅኔ የወሰደ ሰው ደሙ የሰጪው ይሆናል። አልነገሩህም?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው! ወንድሙ የነገረው ቃል በቃል እውነት ነበር! እውነቱን ሲደብቅ ልጁን አጣ፤ እውነቱን ሲናገር ወንድሙን ማዳን ተከለከለ። በሰውነቱ ውስጥ የሚዞረው የወንድሙ ደም ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ በደም እጦት ያልቃል! ጎረቤቶች ተሰልፈው ሰጡ፤ ከሚገባው የሚፈሰው በለጠ። በሩን በርግዶ ገባና አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«ማረኝ… አላመንኩህም፣ ማረኝ…»

ቀደዳው በደከመ ድምፅ «ጋሼ… ደሜን ሲመችህ ትመልሳለህ… አትጣደፍ» አለው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ፖሊስ መጣ። መስታወት ቆራጩ «ገፍትሬዋለሁ፣ እሰሩኝ!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው? ሟቹ ራሱ ተንሸራተትኩ ብሏል፤ «ኀዘን ነው የሚያናግረው» ብለው ደግፈው ወደ ቤቱ ወሰዱት። ይህ ሰው እስር ቤት ቢገባ አይሻለውም ነበር?

ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ ሳሎኗ ጠራችው። እሱ ራሱ በገጠመው መስታወት ፊት አስቀመጠችውና ከራሱ ላይ ጸጉር ከነሥሩ ነቀለች። «ዶክተሯ ነግራኛለች፤ የጸጉርህ ሥር ያንተው የራስህ ነው። ለአንተ ብዬ አይደለም። ነገ ሰው ልጄን እንዳይሰድባት ነው።» እንባዋ ትከሻው ላይ ይወርድ ነበር። ውጤቱ መጣ፤ ድንቢጥ የሱው ልጅ ናት። ሚስቱም ተመልሳ መጣች። ሳቋ ግን አብሯት አልመጣም።

ዛሬም መስታወት ይቆርጣል። ጣቱን ሲቆርጠው ደሙን አይጠርገውም፤ ቆሞ ያየዋል። ድንቢጥ «አባዬ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» ስትለው «አጎትሽ መጥቶ ነው» ይላታል። ዕጣ እንዲህ ናት! አንዱን ሰው በሌላው ደም ታኖረውና፣ ባለ ደሙን በዚያው ሰው እጅ ታስጥለዋለች። ለምን እንደሆነ የገባው ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ እኔ አልገባኝም።

አሁን እስክሪብቶዬ እባብ ሳይሆን አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዷ ብቻ የኔ ናት። መስታወት ቆራጩ በሩን በርግዶ ሲገባ ወንድሙ አይናገርም ነበር። «ማረኝ» ሲልም የሰማው የለም። ቀልዱን የጨመርኩለት እኔ ነኝ፤ ያለ ቀልድ ልሸኘው አልቻልኩም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ ያልኳችሁም ውሸቴን ነው። ሁለቱም ተጨፍነው ነበር።