መንገደኛ የሚቆጥረው ሰው

የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ባለሙያ ሬሳ የተገኘው ከሱቆቹ ጀርባ፣ ባዶ ካርቶን በሚጠራቀምበት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነበር። ያገኘው ለአምስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ካርቶን ሊጥል የወጣው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሟቹ የወደቀው ከሱቆቹ በላይ ካለው ሰገነት ነበር። እዚያ የቀሩት አንድ ወንበር፣ እርሳስና በድንጋይ የተጫነ ወረቀት ብቻ ናቸው።

ባለሙያው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ከዚያ ሰገነት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከታችኛው ገበያ ሆኖ መንገደኛ ሲቆጥር ከርሟል። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ዳር ካሉት ሁለት የገበያ ስፍራዎች፣ ማለትም ሬሳው ከተገኘበት ከድሮው የሱቅ መደዳና ከታች ካለው አዲስ ሕንፃ፣ አንዱን መርጦ ሊያጠናክር አቅዷል። የተመረጠው መብራት፣ የእግረኛ መንገድና የአውቶቡስ ፌርማታ ያገኛል። ያልተመረጠው ያለውንም ፌርማታ ያጣል። ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

መርማሪዋ ጭቃ እየረገጠች ስትደርስ ፖሊሶች የመደዳውን ልብስ ሰፊ ይዘዋት ቆመዋል። ሴትየዋ እጇ ማረፊያ አጥቶ የመለኪያ ሜትሯን ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ሻይ ነው የወሰድኩለት! ሻይ መውሰድ ወንጀል ሆነ?»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የወሰድሽለት፣ እህቴ?»

«አራት ተኩል እንዳለፈ። እስከ አራት ሰዓት ከሃያ የአንዲት አስተማሪ ኮት ስለካ ነበር፤ ጠይቋት። የሰገነቱ በር ጋ ቆሜ፣ ሳልገባ ‹ጋሼ፣ ሻይ!› አልኩት። ዝም አለኝ። እሱ ሲቆጥር ንጉሥ ቢጠራውም አይመልስም፣ ቁጥሩ ይጠፋበታላ። ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።»

«ትናንት ጮኸሽበታል አሉ።»

«አዎ ጮኼበታለሁ። ትንሽ ጨምርልን ስለው ‹ያላለፈ ሰው አልጽፍም› አለኝ። ደረቅ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።» ሜትሯን እንደገና ጠቀለለች። «ሁለት ልጆች አሉኝ እኮ። ዛሬ ማን ያበላቸዋል?»

ኃላፊው፣ የሟቹ አለቃ፣ ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ መጣ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ እግሩ ግን አንድ ቦታ አይቆምም።

«ይኸው፣ በየሩብ ሰዓቱ እስከ አራት ተኩል ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ የወጣችው እሷ ብቻ ናት። ምን ያጠያይቃል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሾፌሬ ለአራት ሃያ ጉዳይ እዚህ አወረደኝ። ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። አራት ሰዓት ላይ እዚሁ ማዶ አዳራሽ ስብሰባ ገባሁ። እስኪጠሩኝ ድረስ ከአዳራሽ አልወጣሁም፤ ሠላሳ ነጋዴ ይመሰክራል።»

«ሟቹ የሁለት ሳምንቱን ወረቀት የት አደረገው?»

«ማታ ማታ ለኔ ያስረክባል። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው።»

የአዲሱ ሕንፃ ባለቤት ጉንጩ አብጦ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ይጠብቃል። ሰፈሩ «ጋሽ ብሎኬት» ይለዋል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ከማን ያልተጣላሁ አለ? ዛሬ ግን ከጥርሴ ጋር ነው የተጣላሁት። እስከ አራት ከሩብ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ነበርኩ። የተነቀለውን ላሳይዎት?»

«ይቅርብኝ።»

«ስመለስ ደግሞ ይኸው ከሱቆቹ ፊት ያለው መንገድ ሐይቅ ሆኖ ጠበቀኝ! ቧንቧ ፈንድቶ! በእግርም በመኪናም ማለፍ የለም፤ ሰው ሁሉ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሄደው።»

መርማሪዋ ውኃ ክፍል ደወለች። ቧንቧው የፈነዳው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ የተዘጋው አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። የአስተማሪዋንና የጥርስ ሐኪሙንም ቃል አረጋገጠች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሲነጋ ጸሎቷን አድርሳ ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ ዘረጋችው፤ ከሩቅም ከቅርብም አየችው። ከዚያ ኮቷን በአንድ እጅ እያጠለቀች ወጣች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ልብስ ስፌቱ ቤት ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊዋን ፖሊስ ይዟት መጣ። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል።

«ምክር ቤት ይጠብቀኛል።»

«ቶሎ እንጨርሳለን። ሦስታችሁም እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው ቁጠሩልኝ። ለአንድ ሰው አንድ ጭረት፣ አምስተኛው አራቱን ይሰርዛል።»

«ጉድ ነው» አለ ጋሽ ብሎኬት፤ «በዚህ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት ገባሁ!» ግን ቆጠረ። ኃላፊውም ከንፈሩን ነክሶ ቆጠረ።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ «በቃ» አለች መርማሪዋ። «አሁን የጻፋችሁትን እዩ።»

የሦስቱም ጭረት ተንጋዷል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል፣ አንዳንዱ ከመስመር ወርዷል።

«የኔማ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው» አለ ጋሽ ብሎኬት።

«የሁላችሁም እንደዚያ ነው። ሰው የሚቆጥር ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ እጁ በዳበሳ ይጽፋል። የሟቹም ወረቀት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ነው። እስከ አራት ሰዓት ባለው የመጨረሻ ሩብ ግን ሃያ ሰባት ጭረት ተንጋዶ ይሄድና ድንገት ቀጥ ይላል። ከዚያ በታች ያሉት ሁለት ሩቦች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ያንን የጻፈው ሰው መንገዱን አላየም፤ ወረቀቱን ነበር የሚያየው።»

ልብስ ሰፊዋ ብቻ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል መቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው አለፈ ይላል። ያን ጊዜ መንገዱ በውኃ ተዘግቷል። ስለዚህ የተጻፈው ቧንቧው ሳይፈነዳ በፊት፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ነው። ያልደረሰ ሰዓት ሞልቶ የሚሄድ ማነው? በዚያ ሰዓት በሰው ፊት ለመታየት ያሰበ ሰው ነው። ባለሙያው ጠዋቱን በየሩብ ሰዓቱ ስልሳ ያህል ሰው ቆጥሯል፤ ሃያ ሰባተኛው ላይ ካቆመ፣ የወደቀው ለአራት ሰዓት ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ሲቀር ነው። ያኔ እሷ ኮት ትለካለች፤ እኚህ ጥርሳቸውን ይነቀላሉ። ዞር ዞር ይሉ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ክቡር ኃላፊ።»

«ለምንድን ነው እኔ ሠራተኛዬን...»

«ዛሬ ጠዋት ቁም ሳጥንዎን አስከፈትኩ። ለምክር ቤት በላኩት ፕላን ‹የድሮው መደዳ ሞቷል፣ የሚሄድበት የለም› ብለዋል። የላኩት ቆጠራው ሳይጀመር፣ ቢሮ ተቀምጠው ነው። ቆጠራው ግን መደዳው ከአዲሱ ሕንፃ እጥፍ ሰው እንደሚያይ ያሳያል። ወረቀቱ እርስዎ እጅ ገብቷል፤ አፍ ኖሮት ይህን ሊናገር የሚችል የቀረው ሟቹ ብቻ ነበር።»

ኃላፊው ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ አረፈ።

«ምክር ቤት ፊት ቆሜ እናገራለሁ አለኝ። ለሹመት ታጭቼ፣ ሁሉም ነገር አልቆ... ክንዱን ያዝኩት፤ ተናነቅን። ግንቡ አጭር ነው። ልገድለው አላሰብኩም።» ቀና አለ። «ወዲያው ነው የሞተው። ድምፅ አላሰማም።»

መርማሪዋ የጭረቱን ወረቀት ፊቱ አስቀመጠችው።

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ ነፍሱ አልወጣችም ነበር ይላል። እግዜር የሚጠይቅዎትን እኔ አልጠይቅዎትም። መግፋቱ የአንድ አፍታ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጭረት በጭረት፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሰመሩ። አንዱን ሰው ታች ወርደው አላዩም።»

ፖሊሱ ኃላፊውን ይዞ ወጣ። ጋሽ ብሎኬት ጉንጩን እንደያዘ «ድምፅ መስጠቱ ይቅር በሏቸው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። መርማሪዋም ለምክር ቤቱ ደውላ ስብሰባው እንዲቆይ አስደረገች።

ልብስ ሰፊዋ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ልጆችሽ ጋ ሂጂ እንጂ እህቴ፤ ነፃ ነሽ።»

«አራት ተኩል አልፎ ነው የጠራሁት» አለች። «ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት። በሕይወት ነበር ማለት ነው? ይሰማኝ ነበር?»

መርማሪዋ ለዚህ የሚሆን ማስረጃ አልነበራትም።

«አላውቅም» አለቻት። «ሰምቶ ከሆነ ግን፣ መጨረሻ የሰማው ‹ጋሼ፣ ሻይ› የሚል ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮው ወጣች፤ ካርቶኑ መሐል ተቀምጣም አለቀሰችለት።