የቺዙሩ ጥቁር ቸኮሌት

ካሆ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ኮቤ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በመስኮቷ የወደቡ መርከቦች ይታያሉ። ካሆ ጥሩ ልጅ ናት። ግን ብቻዋን መቅረት በጣም ትፈራለች። እናንተስ አትፈሩም? እኔ እፈራለሁ።

የካሆ የልብ ጓደኛ ቺዙሩ ትባላለች። ዝምተኛ ናት። ሁለቱ ስጦታ ሲሰጣጡ እዚያው ፊት ለፊት ቀደው ይከፍቱታል። ትልልቆቹ ካዩ ይቆጣሉ። «የሰጠሽ ሰው ፊት አይከፈትም፣ ነውር ነው!» ይላሉ።

«እሱ ለእንግዳ ነው» ትላለች ቺዙሩ ቀስ ብላ። «እኛ እንግዳ ነን እንዴ?» ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።

የካቲት ገባ። በየካቲት ሴቶች ልጆች ቸኮሌት አቅልጠው፣ ቅርጽ አስይዘው ለጓደኞቻቸው ይሰጣሉ። የተቀበለም ከወር በኋላ መልሱን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ልጆቹ ሪንካ ቤት ተሰበሰቡ። ሪንካ የክፍሉ አውራ ናት። እሷ የወደደቻት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አጃቢ አላት፤ ያልወደደቻት ብቻዋን ትሄዳለች። ካሆን ስትጠራት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

አሁን ካሆ ያላወቀችውን ልንገራችሁ። የቺዙሩ አባት ሥራቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ በረዶው አገር ተዛውሯል። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሄዳቸው ነው። ቺዙሩ ለማንም አልተናገረችም። ቸኮሌቷን ካሆ ቀምሳ ስታበቃ ለእሷ ብቻ በጆሮዋ ልትነግራት አስባለች።

«ዓይን ጨፍኖ መቅመስ ነው» አለች ሪንካ። «የትኛው እንደሚበልጥ ካሆ ትፈርዳለች።»

መጀመሪያ የሪንካ መጣ። ባለወተት ነው። ካሆ አፏ እንዳስገባችው ቀለጠ። ጣፋጭ ነው፤ የዱቄት ወተት ይሸታል፤ ጥርስ ላይ ይጣበቃል።

«እሰይ! ይሄ ቸኮሌት ነው!» አሉ ልጆቹ።

ቀጥሎ የቺዙሩ መጣ። ጥቁር ነው፤ በቅጠል ቅርጽ የተሠራ። ካሆ ስትነክሰው «ቀጭ» አለ። መጀመሪያ መረራት፣ እንደ ተቆላ ገብስ ሻይ። ቀጥሎ እንደ ፕሪም ትንሽ ኮመጠጠ። ልትውጠው ስትል ግን ከምላሷ ሥር አንድ ጣፋጭ ነገር ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከዋጠችውም በኋላ ቆየ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሳ አታውቅም።

«እንትፍ! ከሰል ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች አንዷ።

«ቺዙሩ፣ ላማችሁ ሞታባችሁ ነው ወተት ያጣችሁት?» አለች ሪንካ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «በይ ፍረጂ፣ ካሆ። የእኔ ነው የእሷ?»

ካሆ ዓይኗን ገለጠች። ሪንካ እየሳቀች ታያታለች። ቺዙሩም ታያታለች፤ እሷ ግን አትስቅም።

«የሪንካ» አለች ካሆ። ይህን ብላ ብትተው እንኳ ጥሩ ነበር። ሳቁ ስለጣማት ጨመረችበት። «የቺዙሩ የሳል መድኃኒት ነው። ለአያቴ ልውሰድላት?»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እነሱ ሲስቁ ካሆ አንድ ጥቁር ቅጠል አነሳችና ማንም አላየኝም ብላ ኮቷ ኪስ ከተተች። ቺዙሩ ሳህኗን ሰብስባ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወጣች። በጆሮ የሚነገረው ሳይነገር ቀረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልጆች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሆ አጃቢ አገኘች። ቺዙሩ ብቻዋን ሄደች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረን ስንዘምር የካሆ ከንፈር አይንቀሳቀስም ነበር። አይቻታለሁ፤ ግን እኔም ዓይን አፋር ነኝና አልጠየቅኋትም።

ወሩ ሞላ። «የቺዙሩን መልስ አላዘጋጀሽም?» አለች እናቷ።

«ማንም አልወደደውማ።»

«አንቺስ?»

ካሆ አለቀሰች። ሁሉን ተናገረች። እናቷ አልተቆጣቻትም። «ቺዙሩ እኮ በዚህ ሳምንት ልትሄድ ነው። ዛሬ አባቷን ጣቢያው ጋ አግኝቼ ነገሩኝ» አለች ብቻ።

ካሆ ወዲያው ጥቁር ቸኮሌት ማቅለጥ ጀመረች። ጠብታ ውሃ ገባበትና እንደ አሸዋ ሆነ። ያንን ጥላ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው አማረላት። በወረቀት ጠቅልላ ሮጠች።

ቺዙሩ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ታኒሙራ» አለች። ታኒሙራ የካሆ የቤተሰብ ስም ነው። ቺዙሩ በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም።

«ቺዙሩ፣ ዋሽቼ ነው! ቸኮሌትሽ ጣፍጦኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«መጣፈጡን አውቃለሁ» አለች ቺዙሩ። «ኪስሽ ስትከቺ አይቼሻለሁ።»

ካሆ መሬቱን አየች። ከዚያ ስጦታዋን ዘረጋች። ቺዙሩ በሁለት እጇ ተቀበለች። ጎንበስ አለች። «ስላሰብሽኝ አመሰግናለሁ።»

«አትከፍቺውም?»

ቺዙሩ ጥቅሉን አየች። ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞላ፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እንግዳ ፊት አይከፈትም» አለች። በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ካሆ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጇን ኪሷ ስትከት ያ ቅጠል አለ። አፍራ ሳትበላው ከርሞ ጠርዙ አመድ መስሏል። አፏ ውስጥ ጨመረችው። መራራው መጣ። ጣፋጩን ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች።

ሰኞ ዕለት ካሆ ሪንካ ፊት ቆመች። «ያን ቀን የጣፈጠኝ የቺዙሩ ነበር። ዋሽቼ ነው የፈረድኩት።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለች ሪንካ። «ሄዳለች እኮ።»

ያን ቀን ካሆ ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። እሑድ ግን ከእኛ ጋር ዘመረች፤ ድምጿ ቀጭን ነበር።

ልጆች፣ ሰው እንዲስቅላችሁ ብላችሁ ወዳጃችሁን በሐሰት አታዋርዱ፤ እግዚአብሔር ንስሐ የገባን ይቅር ይላል፣ የተዘጋ የወዳጅ በር ግን ሁልጊዜ አይከፈትም።