እንዳያልቅ የተፈለገ ደንብ

የእነዚህን ሁለት ሰዎች ፍቅር ለማውራት ስለ አንቀጽ አሥራ ሁለት ማውራት ግድ ይላል። አሰልቺ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልተሳሳተም፤ እነሱንም አሰልችቷቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። የሚዛን ተፈሪ፣ የቴፒና የማሻ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እስከዚያ ድረስ መጻሕፍታቸውን በየፊናቸው መዝግበው፣ በየፊናቸው ደርድረው ይኖሩ ነበር። አንዱ ጋ «ግብርና» የተባለው ሌላው ጋ «ልማት» ይባላል። ሚዛን ያለ አንባቢ የሚፈልገው መጽሐፍ ቴፒ ይኑር አይኑር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ሦስቱም የካታሎግ ደንባቸውን አድሰው አንድ የጋራ ደንብ ያውጡ፣ መጽሐፍም ይዋዋሱ ተባለ። ለዚህም ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ኮሚቴ የማይቋቋምለት ነገር አልነበረም።

ሊቀመንበሩ የሚዛኑ ተካ ነበር፤ ሥራ ከያዘ ጀምሮ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር የኖረ፣ ሻንጣውን ጨርሶ ፈትቶ የማያውቅ ሰው። ጸሐፊዋ የቴፒዋ ውድነሽ ናት። አባቷ አቶ ኃይለሚካኤል ከእምድብር መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን መደርደሪያቸው ላይ ከክብሪትና ከሻማ ሌላ ብዙም አይታይም ነበር። ሦስተኛው አባል የማሻው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ጡረታቸውን የሚጠብቁ የቀድሞ መምህር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሹራብ እጅጌ ቆርጠው ይጠቀልሉበታል።

ስብሰባው መካከል ላይ ባለችው ቴፒ ነበር። በየሦስት ወሩ ተካ ከሚዛን፣ አቶ ወልደአማኑኤል ከማሻ በጭነት መኪና ይመጣሉ። ሲዘንብ መኪናው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። በዚያ አገር ደግሞ የማይዘንብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደንቡ በሁለት ስብሰባ ማለቅ ሲችል ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ውድነሽ ተነሳችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ከሞስኮ በሣጥን የመጡት መጻሕፍት ላይ ጣል አደረገችው። ተካ መጻሕፍቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«እነሱን ማን ያነባቸዋል ብለሽ ነው?» አላት።

«ማንም አያነባቸውም። ግን ከዚያ ድረስ መጥተው እዚህ ይበስብሱ?»

ተካ ሚዛን እስኪደርስ ድረስ በመኪናው ላይ ያሰበው ስለ እሷ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ሲል እጁን አወጣና፣ የተተረጎመ መጽሐፍ በደራሲው ስም ይግባ ወይስ በተርጓሚው የሚል ጥያቄ አነሳ። ሦስቱም መልሱን ያውቁታል፤ ቢሆንም ሁለት ስብሰባ ፈጀ።

ያ ሲያልቅ ደግሞ ውድነሽ ተነሳች። ስለ ቡና በሽታ የተጻፈች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች፤ ከግብርና ትመደብ ወይስ ከጤና ስትል ጠየቀች።

«የቡና በሽታ እኮ ነው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«በሽታ በሽታ ነው» ብላ ድርቅ አለች።

አቶ ወልደአማኑኤል አንዴ እሷን፣ አንዴ ተካን አዩና ጉልበታቸውን አሹ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

አንዱ የሌላውን ተንኮል አያውቅም ነበር። ተካ እሷ የምር የምትከራከር ይመስለዋል፤ እሷም እሱን እንደዚያው። በቃል የተባባሉት ነገር የለም። ስብሰባው ሲያበቃ በር ላይ ቆም ይላሉ፤ እሷ የጫማውን ጭቃ ታያለች፣ እሱ ቀለም የነካ ጣቷን ያያል፣ ከዚያ «በል ደህና ግባ»፣ «ደህና ሁኚ» ተባብለው ይለያያሉ።

የማይናገሩበት ምክንያት አቶ ኃይለሚካኤል ናቸው። የውድነሽን ታላቅ እህት ሚርያምን ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ድረው ነበር። ሰውዬው ተዛወረ፤ ከዚያም እንደገና ተዛወረ። ሚርያም ከሐረርጌ ደብዳቤ መጻፍ ካቆመች ዓመታት አለፉ። አባትየው «ከእንግዲህ የሚዛወር ሰው ልጄን አይወስድም» ብለው ምለዋል፤ ይህን ቴፒ ውስጥ ያልሰማ የለም። ተካ ደግሞ ደንቡ በተፈረመ ማግስት በእድገት ወደ ጅማ እንደሚዛወር ተነግሮታል። ስለዚህ ሥራው አለቀ ማለት እነሱም አለቀላቸው ማለት ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ደክሞት ነበር። ከሥራ መልስ የቀበሌ ስብሰባ፣ ቅዳሜ የውይይት ክበብ፣ እሁድ ዘመቻ። እነዚህ ሁለቱ በዚያ ሁሉ ድካም ላይ ሌላ ስብሰባ ሲጨምሩ የሚያርፉት እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ ከላይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ደንቡ አሁን ካልተጠናቀቀ ኮሚቴው ይጠየቃል የሚል። የቀረው አንቀጽ አሥራ ሁለት ብቻ ነበር።

«ረቂቁ የካታሎጉ ካርድ ላይ የደራሲው አባት ስም ይቅደም ይላል» አለች ውድነሽ። «ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው። እኛ አገር ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው። እንለውጠውና እንፈርም።»

«ይለወጥ» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፤ እስክሪብቷቸውንም አወጡ።

ተካ እስክሪብቶውን ሲያይ ደነገጠ። ከዚህ ወዲያ የሚከራከሩበት አንድም ነገር አልቀረም።

«እኔ አልስማማም» አለ።

ውድነሽ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። «ዓለም የሚሠራው በአባት ስም ነው» አለ፤ እንደ ማንኛውም ውሸታም ንግግሩን አበዛው። «አባት ሥር ነው፣ ልጅ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፍ የሚታወቀው በሥሩ ነው።»

«ትናንት የእርሻ ልማቱ ሠራተኛ መጽሐፍ ሲጠይቀኝ የደራሲውን ስም ብቻ ነው የነገረኝ። አባቱን ከየት ያምጣው?»

«ይለምደዋል።»

«እኔስ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ መጽሐፍ ብጽፍ የት ነው የምገኘው?»

ተካ ዓይኗን ሸሸ። «በአባትሽ» አለ።

 ውድነሽ ይህን ቃል በቤቷ በብዙ መልኩ ሰምታዋለች፤ የምትሄድበትም፣ የምታገባውም በአባቷ እጅ እንደሆነ። ከዚህ ሰው አፍ ይወጣል ብላ ግን አላሰበችም። 

«ይሁን» አለች። «እንደ እርስዎ ይሁን፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

በሁለት ዓመት ውስጥ «እርስዎ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ተካ ትከራከራለች ብሎ አስቦ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ስብሰባ ያህል።

«አልተወያየንበትም እኮ» አለ።

«ደከመኝ» አለች፤ ፈረመችም። አቶ ወልደአማኑኤል ተካን ትኩር ብለው አዩትና እሳቸውም ፈረሙ። ማኅተም ተደረገበት፤ ወረቀቱም በዚያው ቀን ወደ ላይ ሄደ።

በማግስቱ ጧት ሁለቱ ወንዶች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው መኪና ይጠብቁ ነበር።

«አንተ ሰው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፤ «የአባት ስም ይቅደም የሚለውን ታምንበታለህ?»

«አላምንበትም፣ ጋሼ።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተ እንድትተያዩ እኔ ጭቃ ስገፋ ከረምኩ። ለቡና በሽታ ስብሰባ ስጠራ ዝም ያልኩት ሞኝ ስለሆንኩ መሰለህ? እስኪነጋገሩ ልታገሥ ብዬ ነው። አንተ ግን በመጨረሻ አፍህን ስትከፍት የአባቷን ቃል ተናገርክ።»

ተካ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንድንተያይ? እሷም?»

«የቡና በሽታውን ማን አነሳው? እኔ ነኝ?» አሉና የማሻ መኪና ጡሩንባ ሲነፋ እያነከሱ ተነሱ።

ተካ የሚዛንን መኪና ትቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰ። ውድነሽ የካርድ መሳቢያዎቹን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ በአዲሱ ደንብ መሠረት መገልበጥ ጀምራ ነበር፤ አባት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ልጅ። ቀና ብላ አላየችውም።

«ምን ፈለጉ?»

«ውሸቴን ነው» አለ በሩ ላይ እንደቆመ። «በአባት ስም አላምንም። ስብሰባው እንዳያልቅ ብዬ ነው። ካለቀ ወደ ጅማ እሄዳለሁ፣ አንቺን አላይም። የተርጓሚውንም ነገር ያመጣሁት ለዚሁ ነው። እወድሻለሁ፣ ውድነሽ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ከሆነ ተሳስቷል።

«ለዚህ ነው?» አለች። «ይህን ሁሉ ካርድ የምገለብጠው ለዚህ ነው? ሌሊቱን ሙሉ እንደ አባቴ ነው የሚያስበው እያልኩ ያለቀስኩት ለዚህ ነው? ይቺን አንዲት ቃል መናገር ይህን ያህል ይከብድ ነበር?»

«አባትሽን ፈርቼ...»

«አባቴን ነው የምታገባው?»

  ውድነሽ ቀለም በነካው እጇ ፊቷን ጠረገችና ጉንጯ ሰማያዊ ሆነ።

«የቡና በሽታው የኔ ነው» አለች። «ከግብርና እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።»

ሳቁ፤ የደከመው ሰው የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ። ሲያበቁ ግን የሆነው ነገር እንዳለ ነበር። ደንቡ ሄዷል፤ ስህተቱን እንደያዘ በሦስት ከተማ ሥራ ላይ ሊውል ነው። ተካም ወደ ጅማ ነው።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ። «አንቀጹ ስህተት ነው፣ ያሳሳትኳቸውም እኔ ነኝ እላለሁ።»

«እድገትህን ያስቀሩብሃል። ከዚያም የባሰ ሊያመጡብህ ይችላሉ።»

«ያምጡ። ሰው ሁሉ መጽሐፉን እንዲያጣ አድርጌ ጅማ ሄጄ ልተኛ?»

በዚያ ዘመን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት «ተሳስቼ ነው» ማለት ቀልድ አልነበረም። ተካን አለቆቹ ፊት አቁመው ግለ ሂስ አድርግ አሉት። «የግል ፍላጎቴን ከሥራው አስቀድሜያለሁ» አለ። በዚያ አዳራሽ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቱ ብሎታል፤ እንደሱ ከልቡ ያለው ግን ያለ አይመስለኝም። የግል ፍላጎትህ ምን ነበር ሲሉት የሴቷን ስም አልጠራም።

አንቀጽ አሥራ ሁለት ተስተካከለ። እድገቱ ተሰረዘ፤ ኃላፊነቱም ተገፈፈ። ለቅጣት ወባ ወዳለባት፣ ሙቀቷ ወደሚከብደው ከተማ ይሂድ፣ እዚያም በረዳትነት መጻሕፍት ይደርድር ተባለ። ከተማዋ ቴፒ ናት።

ወረቀቱን ለውድነሽ ሲሰጣት ከስቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አለቃህ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዛሬ እረፍ» አለችው። «ዓይንህ ሥር ጠቁሯል።»

አቶ ወልደአማኑኤል እንደገና ከማሻ ወረዱ፤ በዚህኛው ጉዞ ሽማግሌ ሆነው። ከቴፒ ሁለት ሰዎች ጨምረው አቶ ኃይለሚካኤል ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተቀመጡ። ወጉ ስለሆነ ተካ አልመጣም። ውድነሽም እንደ ወጉ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። አባቷ አንዴ እምቢ ካሉ እሺ የሚያሰኛቸው ሰው እንደሌለ ታውቃለች።

አቶ ኃይለሚካኤል እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። «እኛ ካቶሊክ ነን፣ እሱ ኦርቶዶክስ ነው» አሉ። «ይህን ቄሶቹ ይጨርሱት። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይዛወራል ወይ?»

«ዝቅ ተደርጎ ነው እዚህ የመጣው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። አንዱ ሽማግሌ በክርኑ ጎሰማቸው፤ እሳቸው ግን ማድበስበስ የሚችሉበት ጉልበት አልነበራቸውም።

«ምን አጥፍቶ?»

«ዋሸ። በኋላ እውነቱን ተናገረ። የቀጡት ለእውነቱ ነው።»

አቶ ኃይለሚካኤል ባዶውን መደርደሪያ ሲያዩ ቆዩ። «ከዚህ በታች የሚያወርዱት ቦታ አለ?»

«ያለ አይመስለኝም።»

«እድገትስ?»

«ከእንግዲህ? የለም፣ ወንድሜ።»

«ሚርያምን የወሰደብኝ እድገት ነው» አሉ። «ጎበዝ ነው፣ ታታሪ ነው እያሉ ባሏን ከአገር አገር አዞሩት። ሁሉም ይፈልገው ነበር።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ይሄኛውን እንግዲህ ማንም አይፈልገውም ማለት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። 

«እኔ እፈልገዋለሁ፣ አባባ» አለች ውድነሽ ከመጋረጃው ጀርባ።

ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት አትናገርም። አቶ ኃይለሚካኤል ወደ ድምፁ ዞሩ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱና መጋረጃውን በእጃቸው ገለጡላት።