የውሃው ሩጫ

«ሩጪ እንጂ ኦርያን! ምን ትጎተቻለሽ?»

«እየሮጥኩ ነው! አንተ ነህ የምታንገጫግጨው!»

የእንጨቱን ባልዲ በአንዱ እጀታ ኦርያን፣ በሌላው የአክስቷ ልጅ ቲቦ ይዘውታል። በየእርምጃው ውሃው እየተፈናጠረ ቀሚሷን ያርሰዋል፤ እሷ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። ከትልቁ ከተማ ከናንት የመጣችው ትናንት ነው። ዛሬ ደግሞ የቲቦ ትንሽ ከተማ የሞንቬርኔ የበዓል ገበያ ቀን ስለሆነ፣ የሰፈሩ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከወንዙ ውሃ ቀድተው ሽቅብ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሮጣሉ። ለሩጫው የሚመታው ከበሮ ሳይቆም ከሁሉ የበለጠ ውሃ ይዞ የደረሰ ትልቁን ደወል ይደውላል። ኦርያን ደወል ደውላ አታውቅም።

መንገዱ ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት የእንጨት ቤቶች ከላይ በኩል ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ከአንዱ መስኮት አንዲት ወፍራም ሴትዮ ብቅ አሉና፣

«አንቺ የከተማ ልጅ! በዚያ ጫማ ድንጋዩ ላይ ትንሸራተቻለሽ!» ብለው ጮኹ።

አፋቸውን ሳይዘጉ ኦርያን ተንሸራተተች። በጉልበቷ ወደቀች፤ ባልዲው ተገለበጠ። ቲቦ አፈፍ አድርጎ ሲያቀናው የቀረው ውሃ የባልዲውን ታች እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

«አለቀልን» አለች።

«ገና ነው! ነይ!» እጇን ይዞ በአንድ የድንጋይ ቅስት ስር ወደ ጓሮ ጎተታት። እዚያ ውሃ የሞላ አንድ የጥንት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለ። ቲቦ ባልዲውን ነክሮ ጢም አድርጎ አወጣው።

«ይፈቀዳል እንዴ?»

«ማን አየን?»

እጀታዋን ይዛ ተከተለችው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው ደረጃ ላይ የዳቦ ጋጋሪው መንትያ ሴቶች ልጆች ክሌማንስና ሶሌን ላብ በላብ ሆነው፣ በትንንሽ እርምጃ እየተጠነቀቁ ሲወጡ ደረሱባቸው። ባልዲያቸው ከግማሽ ትንሽ ያልፋል።

ሶሌን ዞር ብላ አየችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«ወይ ጉድ! አንድ ጠብታ እንኳ አላፈሰሳችሁም? እንግዳዋ ጎበዝ ናት!»

ከልቧ ነው ያለችው። የኦርያን ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ። መንትዮቹ ወደፊት ሲያልፉ እሷ ቆመች።

«ምን ሆንሽ? በሩ እኮ ያው!» አለ ቲቦ።

ባልዲውን አዘነበለችው። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል እየተንፎለፎለ ቁልቁል ወረደ። የባልዲውን ታች በስሱ የሚሸፍን ያህል ብቻ ሲቀር ቀና አደረገችው።

«አብደሻል? አበደች!»

«ይኼ ነው የኛ።»

ቲቦ አፉን ከፍቶ አያት። ከላይ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ከበሮው አሁንም ይመታል።

«ይዘኸው ትመጣለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

«ሁለተኛ ካንቺ ጋር ብሮጥ!» አለና እየተነጫነጨ እጀታውን ያዘ። ተያይዘው ደረጃውን መሮጥ ጀመሩ።