ጨፌው ላይ የሰማሁት «በል»

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነኝ፣ ማርቆስ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ ጥላ አየሁ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «ሂድና እንቅልፍህን ተኛ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ይቺን አንዷን ግን ምን ብዬ እንደማስረዳት አላውቅም፣ እንዳለች ልንገርህ።

ጎረቤቴ የኔታ ሲወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ንባብና ዳዊት ያስተማሩ ሰው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየጠዋቱ እጃቸውን ይዤ ከቤቴ ጀርባ ወዳለው ጨፌ ወፍ ልናይ እንወጣለን፣ አትሳቅ፣ እሳቸው በድምፅ ይለዩዋቸዋል፣ እኔ ደግሞ ያየሁትን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ተማሪ ሲያስነብቡ እንደለመዱት አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙኛል፣ አነጋገሬ ካላረካቸው «ድገም»፣ ካረካቸው «በል» ይሉኛል፣ ቀጥል ማለታቸው ነው።

በዚህ ነሐሴ የኔታ በድንገት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልነቁም። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም፣ እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነበር፣ ከእሳቸው ሌላ የልብ ወዳጅ የለኝም። በአራተኛው ቀን ቤት መቀመጥ ቢያቅተኝ በጠዋት ብቻዬን ወደ ጨፌው ወጣሁ።

ዝናቡ አባርቷል፣ ጉሙ ግን ገና አልተነሳም። አንድ ጋጋኖ ረጅም ምንቃሩን ጭቃው ውስጥ እየሰደደ ትል ይለቅማል፣ ልማድ ሆኖብኝ ሳላስበው ጮክ ብዬ «ጋጋኖ፣ አንድ፣ ብቻውን» አልኩ።

ከኋላዬ «በል» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ጆሮዬ ነው ብዬ «ዝይ፣ ሁለት፣ ጎን ለጎን» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ድገም» አለ። እመነኝ፣ ደገምኩ፣ ክንፋቸው ላይ ያለውን ሰማያዊ ሳይቀር ተናገርኩ፣ «በል» አለኝ። እንዲህ እያልን ስድስት ዓይነት ወፍ ደረስን፣ ድምፁ በየጊዜው እየቀረበ መጣ፣ ሰባተኛውን ልናገር አፌን ስከፍት ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝና ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ስልኬ ይጮኻል፣ ሆስፒታል የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ የኔታ ነቁ እኮ፣ አምስት ደቂቃም አይሆንም» አለችኝ። «ግን ያለቅሳሉ።»

ድነው ቤታቸው ሲገቡ ስለዚያ ጠዋት ለማንም ትንፍሽ ሳልል ልጠይቃቸው ሄድኩ። እጄን ያዙ።

«ስድስቱንም አየኋቸው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሰማያዊ የሚሉት ያ ነው ለካ። ሰባተኛው ላይ ምነው ተውከኝ፣ ልጄ?»

ብቀጥል ኖሮ ይነቁ ነበር ወይስ እዚያው እያዩ ይቀሩ ነበር፣ እስካሁን አላውቅም። በየማታው ነገ እንውጣ ይሉኛል፣ እኔም ዝናብ ነው እላቸዋለሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ካልወረደ ግን ሳምንት አልፎታል፣ እሳቸውም ይሰማሉ።