አማልክቱ ያላዩት መዶሻ

ሽማግሌው ጻይ ሁዎቱ በገዛ ሳሎናቸው፣ በአማልክቱና በአያቶቻቸው መሠዊያ ፊት ተደፍተዋል። የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈርክሷል፤ መዶሻው አጠገባቸው ወድቋል። ደሙ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ተረጭቷል። መርማሪ ጂየን በቡዳይ የዓሣ ኩሬዎች መንደር ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ይህን ትታ ግን ዓይኗን ወደ መሠዊያው አነሣች።

መሠዊያው በትልቅ ቀይ ወረቀት ተጋርዷል። በታይዋን ገጠር ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት አማልክቱ እንዳያዩ ይሸፈናሉ። ስለዚህ ከእሷ በቀር ወረቀቱን ልብ ያለው አልነበረም።

«ማን ሸፈነው?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አለ የሟቹ ልጅ ቦኩን እያለቀሰ። «ከኩሬ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው። አማልክቱን ሸፈንኩና ፖሊስ ጠራሁ። እኔን ከሚያደርቁኝ ያችን ሠራተኛ ይያዟት! መዶሻው የወጣው ከእሷ ጓዳ ነው።»

ሠራተኛዋ ዋርቲኒ የቦኩንን በሽተኛ እናት ልታስታምም ከጃቫ የመጣች ሴት ናት። «አባባን? እኔ?» አለች። «ገበያ ነበርኩ። መዶሻውን ሁሉም ነው የሚወስደው።»

የቦኩን እህት የሚንሺዩ ቀሚስ በደም ርሷል።

«ይሄስ፣ የኔ ልጅ?» አለች መርማሪዋ።

«አቅፌያቸው ነዋ! አባቴ አይደሉም እንዴ?»

«ቤቱ ውስጥ ምን ጠብ ነበር?»

ሚንሺዩ ወንድሟን አየችው። «እማማ ጤነኛ ሳለች ፈርማለች። ላልነቃ ከተኛሁ በማሽን አታስተንፍሱኝ፣ ቤቴ አምጡኝና በሳሎኔ ልሙት ብላ። አባባን ወኪሏ አደረገች። አሁን ሐኪሞቹ አትነቃም ብለዋል፤ ነገ ከሆስፒታል ልናመጣት ነው። ወንድሜ ግን አይሆንም ብሎ ትናንት ከአባባ ጋር ተናንቋል።»

«እናቴን ስለምወድ ነዋ!» ብሎ ጮኸ ቦኩን።

መርማሪዋ ባትሪዋን አብርታ ወረቀቱን በጎን ተመለከተችው። ከዚያ ማንም እንዳይነካው አዘዘች።

በማግስቱ ወለሉ ታጥቦ፣ እናቲቱ የምትሞትበት ጣውላ ተነጥፎ፣ ሁሉም በሳሎኑ ተሰበሰቡ።

«ቦኩን፣ ደሙ ወዴት ነው የተረጨው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ወደ መሠዊያው። ግራና ቀኙ ግድግዳ ደም ነው። መሐሉስ?» ወረቀቱን አወረደችው። የአማልክቱ ፊት እንደታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር። «አባትህ ከሞቱ በኋላ ሸፍነህ ቢሆን ደሙ እነሱ ላይ ይገኝ ነበር።» ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። ቀይ ላይ ቀይ ሆኖ ያልታየው ደም ደርቆ ጠቁሯል። «መዶሻው ሲያርፍ ወረቀቱ ተሰቅሎ ነበር። የሰቀልከው አንተ መሆንህን ደግሞ በገዛ አፍህ ነግረኸኛል። አባትህን ልትገድል ስትገባ አማልክቱና አያቶችህ እንዳያዩህ አፍረህ ሸፈንካቸው።»

ሚንሺዩ ተወርውራ ፀጉሩን ጨመደደችው፤ ፊቱን በጥፍሯ ቧጨረችው። ፖሊሶቹ በግድ አላቀቋቸው።

«ወኪሏ እሱ ነበር!» አለ ቦኩን፣ ደሙ በአገጩ እየወረደ። «እሱ ከሌለ ማሽኑን ማን ያስነቅላል? እማማ ትኖርልኝ ነበር!»

«አንተ ጅል!» መርማሪዋ ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም። «ቃሉ የእናትህ ነው። አባትህን ብትገድል፣ መንደሩን በሙሉ ብትጨርስ አይሻርም። ሐኪሞቹ ዛሬ ጠዋት ወደ ቤቷ ሸኝተዋታል።»

አምቡላንሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። እናቲቱን አስገብተው ጣውላው ላይ አስተኟት፤ አብራት የመጣችው ነርስ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ ወደ ሳንባዋ አየር እየነፋችላት ነበር። መሠዊያው ግን ገና ክፍት ነው።

ቦኩን እጁ በካቴና እንደታሰረ ተንበረከከ። «እባካችሁ፣ እኔ ልሸፍንላት። ይህችን ብቻ።»

«በዚያ እጅህ?» አለች ሚንሺዩ። ፖሊሶቹ ጎትተው ወደ ደጅ አወጡት።

አዲሱን ቀይ ወረቀት ራሷ ሰቀለችው። የእናቷን ጣቶች ያዘችና ለነርሷ ራሷን ነቀነቀችላት። የነርሷ እጅ ቆመ።

ለእናቱ ብሎ አባቱን የገደለው ልጅ፣ እናቱ ስትሞት ከደጃፉ ወደ ውስጥ እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም።