ስምንት ሰዓት ላይ የሚያልቀው ጥቅል

ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ውሸት ነው ብላችሁ ብታልፉት ለእኔም ይቀለኛል... ግን ሆኗል።

2011 ዓ.ም.፣ መቐለ፣ ሓድነት። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ጨለማ እንዳትጠብቁ፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች።

የዋይፋዩን ሂሳብ ከጎረቤቴ ከለተመድህን ጋር ግማሽ በግማሽ ነበር የምንከፍለው። የወሩ ጥቅል ግን በአሥረኛው ቀን ያልቃል፤ ሁሌም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ቴሌ ቢሮ ሄጄ ስጮህ፣ "እህቴ፣ ተጠቅመሽ ነው" ይሉኛል።

ለተመድህንን ጠረጠርኳት። ግቢው ሁሉ እየሰማ "ሌባ!" አልኳት።

"ማርያምን ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በዛ ሰዓት ፋብሪካ ነኝ" ብላ አለቀሰች። በሳምንቱ ቤቱን ለቃ ሄደች።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

ጥቅሉ ግን ማለቁን አልተወም... ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ።

ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጃፋርን ጠራሁት። የዋይፋዩን ገጽ ከፍቶ የገቡትን ስልኮች ዝርዝር አየ።

"ሀፊሳ... ይማም ማነው?"

"ምን?"

"በዚህ ስም አንድ ስልክ ገብቷል። አሁን። እዚሁ ቤት ነው።"

ይማም አባቴ ነው። ከሞተ ስድስት ወሩ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ለተመድህን ፊቴ ላይ ድቅን አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ በየቀኑ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ሰግዶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከደሴ በኢሞ ይደውልልኝ ነበር። ወሬው አያልቅም። እኔ ደግሞ ለጥቅሌ እሳሳለሁ። "አባዬ፣ ጥቅል አልቋል" ብዬ እዘጋበታለሁ። ውሸቴን ነው፤ አላለቀም።

በሞተበት ቀንም ደውሎ ነበር። አላነሳሁም።

ከሰደቃው በኋላ ስልኩን ለማስታወሻ ወስጄ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ባትሪውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ይህንኑ ለጃፋር ነገርኩት።

"ሳጥኑን ክፈቺው" አለ ጃፋር በሹክሹክታ።

ከፈትኩ። ባትሪው ለብቻው፣ ስልኩ ለብቻው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ስነካው ግን...

ይሞቃል። ብዙ እንደተወራበት ስልክ።

ያኔ የእኔ ስልክ ጮኸ። ኢሞ ነው። "አባዬ" ይላል።

"አንሺው!"

ጥሪው ረዘመ... ረዘመ... ቆመ።

ዛሬም አላነሳሁም።

ወዲያው መልእክት ገባ።

"ሀፊስዬ፣ አይዞሽ። የኔም ጥቅል አልቋል።"